ቀን ያልነበረው ቧንቧ ሠራተኛ

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ጠብታ» ነበር የሚለው። ስድብ አይደለም፤ ራሱም ይስቅበት ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጠግኖ ሲጨርስ እንደ ሌላው ሠራተኛ እጁን ጠራርጎ «አለቀ» አይልም። ከኪሱ አሮጌ ጋዜጣ ያወጣና መገጣጠሚያው ሥር ያነጥፋል፤ ከዚያ ቁጭ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት። ባልየው ሥራ ይረፍድበታል፣ ሚስትየዋ በሆዷ ትራገማለች፣ እሱ ግን መፍቻውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ወረቀቱን ያያል። «ይኼው ቆመ እኮ ሰውዬ! ምን ትጠብቃለህ?» ሲሉት፣ «የቆመ ይመስላል፤ ግን ገና አላየሁም» ይላል። ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው «ተጠግኗል» የምትለዋ ቃል ከአፉ የምትወጣው። አንዲት እርጥብ ነጥብ ካየ እንደገና ይፈታዋል። በዚህ ጠባዩ ሀብታም አልሆነም። እኔም በዚህ ጠባዩ ስናደድበት ኖሬ፣ ከነጠባዩ ቀበርኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው የምትንጨረጨረው ትሉኛላችሁ። እናታችን ያሳደገችን አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሃያ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ለፊት ደግሞ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ትምህርታችን አጭር ነው። እግዚአብሔር ዓለምን ሳይፈጥር የሚድኑትን መርጧል፤ በጎ ሥራህ አያስገባህም፤ ጸጋ ነው፣ ስጦታ ነው፣ ለወደደው ይሰጣል፤ የተመረጠ ደግሞ ምን ቢሆን አይጠፋም። ታዲያ ማን እንደተመረጠ በምን ይታወቃል? አንድ ቀን መንፈስ ቅዱስ ራሱ ለልቡ ይነግረዋል። እኛ ይህን «ቀን» ብቻ እንለዋለን። ቀን ያለው ሰው ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ የት እንደነበር፣ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ምን እንደተሰማው ይናገራል፤ መዝገብ ላይ ይጻፍለታል። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ ዳቦውን ይበላል፣ ጽዋውን ይጠጣል። ቀን የሌለው አግዳሚው ላይ ሆኖ ያያል። ማንም አይሰድበውም፣ ማንም ውጣ አይለውም። ያያል፣ በቃ።

እሱ ሃያ ሁለት፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነን ሽማግሌዎቹ «ቀን አላችሁ ወይ?» ሊሉን አንድ ላይ ጠሩን። እናታችን በደስታ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጥታ ነበር፤ ሁለት አዲስ ልብስ አሰፋችልን። ወንድሜ ቀድሞ ገባ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ወጣ።

«ምን አልካቸው?» አለችው እናቴ።

«ምንም አልተነገረኝም አልኳቸው።»

«እንዴት ምንም?»

«ምንም ነዋ። ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ሲመጣ መጥቼ እነግራችኋለሁ አልኳቸው።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ቀሚሷን እንኳ ሳትሰበስብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ተጠርቼ ገባሁና ዋሸሁ።

አዎ፣ ዋሸሁ። ምንም አልተሰማኝም ነበር። ግን እናቴ ኮሪደሩ ላይ ወድቃ ሁለት ባዶ ልጆች ይዛ ወደ ቤት ትመለስ? ከዚህም ከዚያም የሰማሁትን ገጣጠምኩት። መስኮት አጠገብ ልብስ ስተኩስ ነበር፣ ድንገት እጄ ቀጥ አለ፣ ደረቴ ውስጥ ሙቀት ፈሰሰ፣ «የእኔ ነሽ» የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ተሰማኝ አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ እንባውን ጠረገ። መዝገቡን የሚይዙት፣ ያኔ ገና ወጣት የነበሩት መምህር፣ «ዕለቱ ምን ነበር?» ሲሉኝ «ሐሙስ» አልኳቸው። ለምን ሐሙስ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኋላ መተዳደሪያዬም ይኸው ሆነ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የሰውን ብሶት ዳኛ እስከ መጨረሻው እንዲያነብበው አድርጌ አሳምራለሁ። ችሎታው የተገኘው ያን ቀን ነው።

እንግዲህ አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ። እኔ ጠረጴዛው ላይ፣ ጠብታ በሩ አጠገብ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ። ከመካከላችን ማን ሰው እንደነበር ግን ሰፈሩን ጠይቁ። የአሮጊቶችን ቧንቧ በነጻ ይጠግናል። ቢሰድቡት አይመልስም። ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ማጠቢያ ፈትቶ ያጸዳል፤ እሑድ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርቡት ጽዋዎች የሚታጠቡት እሱ በጠገነው ቧንቧ ውሃ ነው። ይጸልያልም ደግሞ፤ ስም እየጠራ ለሰው ሁሉ። «ለራስህስ?» አልኩት አንዴ። «ለራሴማ የሚወሰነው ተወስኗል፤ ምን ብዬ ልጨቅጭቀው?» አለኝ፤ ያለምንም ቅሬታ። እኔ ነኝ በእሱ ፈንታ ደሜ የሚፈላው።

ሚስቱ ቀን ነበራት፤ እውነተኛ ቀን። ስታወራው ፊቷ ይበራ ስለነበር ማንም የሚጠራጠር አልነበረም። ቤተሰቦቿ «ቀን የሌለው ልታገቢ?» ብለው ቢጮሁባትም አልሰማቻቸውም። እሑድ ዳቦው እስኪደርሳት ድረስ አንገቷን አዙራ ኋላውን ታያለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆና አየኋት። ከስምንት ዓመት በፊት ሆዷ ውስጥ እጢ ወጥቶባት ስትሞት እጁን ይዛ፣ «አትቅርብኝ እንግዲህ፣ ሰማይ ቤት እጠብቅሃለሁ» አለችው። እሱ ምን ይላል? «ከተነገረኝ እመጣለሁ» ይላል! እዚያው ቆሜ በጥፊ ላጮለው ዳዳኝ። ከክፍሉ ጎትቼ አወጣሁትና «እመጣለሁ ብትላት ምን አለበት፣ አንተ ድንጋይ?» ብዬ ጮህኩበት። «በሞቷ ሰዓት እንዴት አድርጌ ልዋሻት?» አለኝ። እያለቀሰ ነበር። ተመልሶ ገብቶ እጇን ያዘ፤ እሷም እጁን እንደያዘች ሞተች።

ዘንድሮ ደግሞ የእሱ ተራ ሆነ። ሳንባው ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና፣ ትልቁን ሰው እንደ ልጅ እያባበለ፣ «ቤት ይሻላል» አለን። ገባኝ። ዕቃዬን ጠቅልዬ ቤቱ ገባሁ። አንድ ክፍልና ማድቤት ናት፤ አልጋው መስኮቱ ሥር፣ ግድግዳው ላይ በየመጠኑ የተደረደሩ የቧንቧ ቁርጥራጮች፣ ከአልጋው ሥር በቆርቆሮ ሣጥን የጎማ ቀለበትና ብሎን። እዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። ሳይሞት በፊት ቀን አለኝ ይበልና መምህሩ ይጻፉለት፤ ዳቦውን ይቅመስ። ሚስቱ ዘንድ ይሂድ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ሌት ተቀን ጨቀጨቅኩት። «እስቲ አስብ፣ አንዲት ነገር አታጣም፣ አንዲት ሕልም፣ አንዲት ጥቅስ» እለዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ የእውነቱን ያስባል፣ ከዚያ «የለም» ይላል። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነብኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሾርባውን በማንኪያ እየሰጠሁት ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣኝ።»

«ልቆጣ ብልስ አቅሙ የታለና?»

«ያ ሐሙስ የሚባል ነገር አልነበረም።»

«የትኛው ሐሙስ?»

«የእኔ ቀን። ፈጥሬ ነው ያወራሁት። ምንም አልተሰማኝም። ይኼን ሁሉ ዓመት ዳቦውን ስበላ ምንም ተሰምቶኝ አያውቅም። አየህ? ሰማዩ አልተደፋብኝም። አንተም አንዲት ቃል በል፣ እኔ አሳምሬ አዘጋጅልሃለሁ፣ ሥራዬ አይደል?»

ማንኪያውን ይዤ ጠበቅኩ። ቀና ብዬ ሳየው እንባው በጆሮው በኩል ትራሱ ላይ ይወርዳል።

«ምነው ጋሼ?»

«እኔ እኮ» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «እኔ እኮ ብቀርም አንቺና ሚስቴ ትገናኛላችሁ እያልኩ ነበር የምጽናናው። ቁጭ ብላችሁ ስለ እኔ ታወራላችሁ፣ ትስቁብኛላችሁ እያልኩ።»

ምላሴን በቆረጠው! የነበረችውን አንዲት መጽናኛ በገዛ አፌ ነጠቅኩት። ላድነው ብዬ ይባስ ገደልኩት። ሾርባውን አስቀምጬ እግሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሱ ግን ስለ እኔ ነበር የተጨነቀው። «አንቺ ጤነኛ ነሽ፤ ገና ጊዜ አለሽ። እኔ ካለፍኩ በኋላ ለመምህሩ ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸው። ከጠረጴዛው ተነሺና እንደ እኔ ጠብቂ። ምናልባት ለአንቺ ይመጣ ይሆናል። ማይልኝ» አለኝ። ማልኩለት። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ሙከራ ይቀረኝ ነበር።

በማግስቱ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። አሁን አርጅተዋል፤ የሽማግሌዎቹ ሁሉ የበላይ እሳቸው ናቸው፣ መዝገቡም አሁንም እሳቸው ዘንድ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይኼን ልብ በሉልኝ። ክፉ ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ! «አባቴ፣ ይምጡና ይጠይቁልኝ፤ ትንሽ ነገርም ቢናገር ይቀበሉት፣ በሞቴ!» አልኳቸው። «ልጄ፣ የምቀበለው እኔ መሰልኩሽ እንዴ? ግን እመጣለሁ» አሉኝ። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጽዋውን በትንሽ ጠርሙስ ይዘው ነበር። ይዘው መምጣታቸውን ሳይ ልቤ ዘለለ።

ወንበር አቀረብኩላቸው። የወንድሜን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንዴት ነህ፣ ጠብታ?»

«እያፈሰስኩ ነው፣ መምህር» አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት።

«እንግዲህ ታውቃለህ ለምን እንደመጣሁ። ትልቅ ነገር አልጠይቅህም። መብረቅና ነጎድጓድ አይደለም። በዚህ ሁሉ ዕድሜህ አንዲት ጊዜ፣ ለአንድ አፍታ እንኳ፣ ልብህን የነካው ነገር የለም?»

ወንድሜ ዓይኑን ከደነ። እኔ የአልጋውን እግር ጨብጬ በሆዴ እለምናለሁ። ከዚያ፣ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ፣ «አንዴ አለ» አለ።

«ተናገር፣ ልጄ።»

«ሚስቴ በሞተች በዓመቷ ነው። አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ቧንቧ እጠግን ነበር። ብቻዬን ነኝ። ድንገት ትዝ አለችኝና ሥራውን ትቼ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ያኔ ጀርባዬ ላይ ሙቀት መጣ። ቀስ እያለ ወደ ደረቴ ገባ። እንባዬ ቆመ። ልቤ ጸጥ አለ።»

መምህሩ ወደፊት ዘንበል አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። አንድ እጃቸው ነጩን ጨርቅ መፍታት ጀምሯል። «ይኸው! ይኸው እኮ! ለምን ይኼን ያህል ዘመን ደበቅከን?»

«አልደበቅኩም፣ መምህር። ኋላ ተነስቼ ግድግዳውን ዳሰስኩት። ከጀርባው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ያልፋል። ዘጋሁትና ጠበቅኩ፤ ቀዘቀዘ። እንደገና ተደግፌ ሞከርኩ። ምንም የለም።»

የመምህሩ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። «እግዚአብሔር በቧንቧም መናገር ይችላል፣ ልጄ።»

«ይችላል፣ እንዴት አይችልም? ግን ያኛው ቧንቧ ነበር።»

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሼ፣ እኔ ልሙትልህ፣ ዝም በል! አትጨምርበት! አባቴ፣ ሙቀቱን ይጻፉ፣ ቧንቧውን ይተዉት!» እጃቸውን ያዝኩ። ወንድሜን አዩት፣ እሱም አያቸው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ላይ ሲስማሙ እንደሚተያዩት። ጨርቁን መልሰው አጠፉት። «እሱ ያላለውን እኔ ልጽፍ አልችልም» አሉ። እስከ በሩ ስሸኛቸው እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ይገባ ነበር። እኔ አልራራሁላቸውም። ዳቦው ከአፉ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሞተ። ውሃ ከተቋረጠ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። «ውሃ መጣ እንዴ?» አለኝ። «ገና ነው» አልኩት። ማድቤት ገብቼ ስወጣ አልፏል። አንዳች ብርሃን ፊቱ ላይ እንዳለ ፈለግኩ፤ ሰው ሲሞት እንዲህ ይባላል አይደል? ምንም አልነበረም። የደከመው ሰው ፊት ነው፣ አንድ ዓይኑ በከፊል ተከፍቶ። ዘጋሁለት።

በእኛ ዘንድ ቀን ለሌለው ሰው ቀብር ላይ የትንሣኤው ተስፋ አይነበብም። አፈር ነህና ወደ አፈር ትመለሳለህ ይባላል፣ ከዚያ መጽሐፉ ይታጠፋል። ሰፈሩ እንዳለ ወጥቶ ነበር፤ ቧንቧቸውን የጠገነላቸው ሁሉ፣ ያን ያህል ሕዝብ ለአንድ ሽማግሌያችን እንኳ ወጥቶ አያውቅም። መምህሩ ያችን አንዲት ቁጥር አነበቡና ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው ቆሙ። ይቀጥላሉ ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። አጠፉት። አካፋው መሥራት ጀመረ።

ማክሰኞ ጠዋት መሐላዬን ልፈጽም ሄድኩ። መምህሩ መጽሐፍ በሞላባት ጠባብ ክፍላቸው ሻይ ይጠጡ ነበር። ቁጭ በይ ቢሉኝ አልቀመጥም አልኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። መስኮቱን፣ ካውያውን፣ ሙቀቱን፣ ሐሙሱን፣ ሁሉም ውሸት መሆኑን፣ ዳቦው አፌ ውስጥ ዳቦ ብቻ እንደነበር።

«ስለዚህ ይሰርዙኝ» አልኳቸው። «ከመዝገቡ ይሰርዙኝ። የወንድሜ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። እሱ የሄደበት እሄዳለሁ።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሻዩን አስቀምጠው ፊታቸው እየበራ መጣ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼን እንድትናገሪ ያደረገሽ ማን ይመስልሻል? ማንም ሳያስገድድሽ፣ ማንም ሳያውቅብሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ ራስሽን ማዋረድ ከሥጋ ነው? የተመረጠች ነፍስ ብቻ ናት እንዲህ የምትሰበረው። ጸጋ ማለት ይኼ ነው!»

«እኔ ዋሽቻለሁ እያልኩዎት ነው!»

«ውሸትሽንም እግዚአብሔር ተጠቅሞበታል። በውሸትሽ እጁ ሥር አቆይቶሽ፣ ዛሬ በእውነት ጠራሽ። ቀንሽ ሐሙስ አልነበረም፣ እሺ። ቀንሽ ዛሬ ነው። ማክሰኞ።»

መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረዱ። የድሮውን መስመር በአንድ ሰረዝ አጠፉትና ከጎኑ አዲስ ቀን ጻፉ። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ልክ እንደ እኔ ነው የሠሩት፤ ምንም የሌለውን ነገር አሳምረው ጻፉት።

«እሺ» አልኳቸው፣ ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፣ «የእኔ ውሸት የመመረጤ ምልክት ከሆነ፣ የእሱ እውነትስ? አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልዋሸው፣ ሞቱን እያየ እንኳ ያልዋሸው፣ እሱስ የምን ምልክት ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። መስታወቱን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ እንደገና ጠረጉት። «እሱ የጌታ ምስጢር ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። በሩ አጠገብ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ልቀመጥ ስል ሁለት ሴቶች ክንዴን ይዘው በፍቅር ወደ ፊት ወሰዱኝ። መምህሩ ቆመው ስለ እኔ ተናገሩ። እህታችን እንዴት በሐዘኗ ውስጥ እንደተጠራች፣ ማክሰኞ ጠዋት ጸጋ እንዴት እንደጎበኛት። ሰው አለቀሰ፣ ተዘመረ፣ ጉንጬን ያልሳመ የለም። የወንድሜን ስም ያነሳ ግን አልነበረም።

ዳቦው እየዞረ መጣ። ተነስቼ ልነግራቸው ነበር። ማክሰኞ የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነው፣ አሁንም ንዴት ብቻ ነው፣ ወንድሜ በሌለበት ቦታ መዳን አልፈልግም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። መምህሩ አዩኝና ፈገግ አሉ። ያኔ ገባኝ። ይኼንንም ብናገር ጸጋ ነው ይሉታል። ብጮህ ጸጋ ነው፣ ጠረጴዛውን ብገለብጥ ጸጋ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የማደርገው ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባኛል እንጂ አያስወጣኝም፤ እሱ ያደረገው ነገር ሁሉ አንድም ጊዜ እንዳላስገባው። ጎረቤቴ ቁራሹን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሁሉም ይጠብቁኝ ነበር። በላሁት።